ለእናቴ የምሠራው ቀላል ሠረገላ

ጥር 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ለ23 አጥቢያ፥ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ በተከልሁት ድንኳን ውስጥ የእናቴን ሳል እየሰማሁ ሳልተኛ አደርሁ። ድንኳኑ አዲስ ነበረ፤ ውሃ አያስገባም ተብሎ የተሸጠ ነው፤ እርግጥም ውሃ አላስገባም። ነገር ግን ያን ሌሊት የመጣብን ዝናም አልነበረም፤ ብርድ ነበረ። ከበላያችን ውርጭ፥ ከበታችን የመሬቱ ቅዝቃዜ፥ ከመካከላችን ደግሞ የገዛ ትንፋሻችን በሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ እየተንጠባጠበ ነጋ። እናቴ ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት አልፏል። ሁለት ጋቢ ደርበው፥ ጉልበታቸውን አቅፈው፥ «አይዞህ ልጄ፥ የሀገሬ ብርድ ነው፤ እኔን አይጨክንብኝም» እያሉ ይልቁን እኔን ያጽናኑኝ ነበር። ወደ ባሕር ዳር በተመለስን በ3ኛው ቀን ግን የሳንባ ምች አገኛቸውና ሐኪም ቤት ተኙ።

በእግዚአብሔር ቸርነት ዳኑ። ጥፋቱ ግን የእኔ ስለ ሆነ ከኅሊናዬ አልወጣም። ከሁሉም ይበልጥ ያልረሳሁት አንድ ነገር አለ። እናቴ በትኩሳታቸው ሌሊት የተናገሩት ሁሉ በአገውኛ ነበረ። ከልጆቼ አንዱ እንኳ የገባው አልነበረም፤ እኔም ከቃሉ የያዝሁት እኩሌታውን ብቻ ነው። የተወለዱት በአዊ ምድር፥ ከዘንገና ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ተድረው ከወጡ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የአባታቸው ቤት ከፈረሰ ቆየ፤ ወንድሞቻቸው አልፈዋል፤ የቀረው ሐይቁና ዛፉ ነው። ስለዚህ ከበሽታው ተነሥተው መጀመሪያ ወደ ፀሐይ በወጡበት ቀን፥ «ደግሞ መቼ ነው የምንሄደው?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፥ ባለቤቴ ፊቷን አዞረች፤ እኔም መልስ አጣሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምጽፈው ያን መልስ ፍለጋ የሄድሁበትን መንገድ ለመንገር ነው። መንገዱ ገና አላለቀም። እስካሁን ያገኘሁት ግን በዕድሜ የገፉ ወላጆች ላሉት ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ዘንገናን ያላያችሁ ብትኖሩ፥ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላና በአዲስ ቅዳም በኩል እንጅባራ የደረሰ መንገደኛ፥ ወደ ቡሬ አቅጣጫ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከአስፋልቱ ጥቂት እልፍ ብሎ ያገኘዋል። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ዛፍ ከቦታል። ወርዱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ በበጋው ወራት ቀኑ ብሩህ፥ ሌሊቱ መራራ ነው። ይህም ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረሶቹን ሸልሞ በእንጅባራ ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ያን ሰሞን በከተማው የእንግዳ ማረፊያ ማግኘት ብርቱ ነገር ነው። የእናቴም ምኞት ማረፊያ ቤት ውስጥ ማደር አልነበረም። «የሐይቁን ንጋት ከመኝታዬ ሆኜ ልየው» ነው የሚሉት፤ በልጅነታቸው እንዳዩት።

መሬት ላይ መተኛት አይችሉም፤ ድንኳን አሳይቶናል። ከመኪናችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ማደር ጉልበታቸውን ይቆልፈዋል። እንግዲህ የቀረው ቤቱን ራሱን ይዞ መሄድ ነው። ይህ ለሀገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ጎንደር ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት ብዙዎቹ ነገሥታት በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ እንደ ነበረ፥ በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ በዝርዝር ጽፏል። የቤተ ክርስቲያኑም ድንኳን አብሮ ይጓዝ ነበር። እንደዚያ ያለ ጉዞ ግን የሚቻለው ብዙ በቅሎና ብዙ አገልጋይ ላለው ነው። እኔ ያለችኝ አንዲት አሮጌ አነስተኛ መኪና ናት።

በዚህ ሐሳብ ሳለሁ ትልቋ ልጄ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። በመኪና ኋላ የሚጎተት፥ ሁለት ጎማ ያለው፥ ከፊት ክብ ሆኖ ወደ ኋላ የሚሾል አነስተኛ የመኝታ ሠረገላ ነው። ፈረንጆች በቅርጹ ምክንያት የእንባ ዘለላ ይሉታል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን፥ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእጅ ሥራ መጽሔቶች ንድፉን እያተሙ ብዙ አባወራ በጓሮው ሠርቶታል። ውስጡ ከአንድ ፍራሽ የሚበልጥ ቦታ የለውም፤ ሰው ይተኛበታል እንጂ አይቆምበትም። እናቴ ሥዕሉን አይተው፥ «ቅርጹ መልካም ነው፤ ስሙ ግን ይለወጥ፤ በእንባ ውስጥ አልተኛም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ «ጠብታ» ሆነ።

እኔ በትምህርት ቤት የእጅ ሥራና የቴክኒክ ሥዕል ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ወረቀትና ማስመሪያ አንሥቼ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ጠብታ ከምን ትሠራ? የምትሠራበት ነገር ቀላል እንዲሆን መኪናዬ ታስገድደኛለች። ብርድ የማያሳልፍ እንዲሆን ደግሞ የእናቴ ሳንባ ያስገድደኛል። ሁለቱን የሚያሟላው ፎም የምንለው ነጭ ሰሌዳ ነው። ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ዕቃውን ደግፎ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በወፍራም ሰሌዳ ሆኖም ለግንብ ሥራ ይውላል።

ፎም ለምን እንደሚያሞቅ ለመረዳት ጣና ዳር መኖር ይበቃል። የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ ስፍር ቍጥር የሌለው የአየር ክፍል ስላለው ነው። ፎምም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ነገሩ አየር ነው፤ ያም አየር በጥቃቅን ክፍል ተዘግቶ ስለሚቀመጥ አይንቀሳቀስም። የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀትን አሳልፎ ለመስጠት እጅግ ሰነፍ ነው። የአንድ ሰው ገላ ተኝቶ ሳለ እንኳ ከባለ 60 ዋት አምፖል የማያንስ ሙቀት ይሰጣል። በድንኳን ውስጥ ያ ሙቀት ወዲያው በሸራው በኩል ወጥቶ ይጠፋል፤ መሬቱም በምንጣፉ ሥር ይስበዋል። 5 ሳንቲ ሜትር ፎም በአራቱ ግድግዳ፥ በጣሪያውና በወለሉ ቢኖር ግን የሁለት ሰው ገላ ብቻ ያቺን ጠባብ ክፍል ያሞቃት ነበር።

ነገር ግን ፎም ብቻውን ደካማ ነው፤ በጥፍር ይፋቃል። ስለዚህ ቆዳ ያስፈልገዋል። በውጭ ሀገር ያሉ ሠሪዎች የሚያደርጉት ይህ ነው፤ ወፍራም የጥጥ ሸራ በእንጨት ኮላ ነክረው በፎሙ ላይ ይለጥፉና፥ ሲደርቅ ደጋግመው ቀለም ይቀቡታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሣቅሁ። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት የጎበኘ ሰው፥ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል የተሣለው ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ መሆኑን፥ ጨርቁም በግድግዳው ላይ የተለጠፈ መሆኑን ያውቃል። የቀድሞዎቹ ሠዓልያን ጨርቅን፥ ማጣበቂያንና ቀለምን አንድ አድርገው ዘመን የሚሻገር ቆዳ ሠርተውልናል። እኔ ወደ ሩቅ ሀገር ስመለከት፥ ጥበቡ በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቀጥዬ ልኬቱን አወጣሁ። አንድ ሙሉ ኮምፖልሳቶ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ44፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲም ነው። የጠብታን ወለል በዚያው ልክ አደረግሁት፤ መቁረጥም መቀጠልም አይኖርበትም። ቁመቷ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። እናቴና ከልጆቹ አንዷ ጎን ለጎን ይተኙበታል፤ እኛ የቀረነው በድንኳን ነን። የጣሪያውን ጕብጠት የሚይዘውን አጥንት በላሜራ አደርገዋለሁ ስል እናቴ ሰምተው፥ «ቀርከሃ ምን አጠፋ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእንጅባራ አካባቢ የቀርከሃ ሀገር ነው፤ ወንበሩም፥ ቅርጫቱም፥ አጥሩም ከእርሱ ይሠራል። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቀስት ይታጠፋል፤ ክብደቱም ከብረት ጋር አይወዳደርም። ብቻ ለጋውን እንዳልወስድ፥ 3 ዓመት የሞላውን እንድመርጥ አስጠነቀቁኝ፤ ለጋው ሲደርቅ ይሸበሸባል፥ ነቀዝም ይቀድመዋል።

ክብደቱን ባሰላሁ ጊዜ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ለመላው ገላዋ የሚያስፈልገው ፎም 12 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በ5 ሳንቲም ውፍረት 0.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንዱ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ቢመዝን፥ ፎሙ ሁሉ 12 ኪሎ ብቻ ነው። ይኸው ገላ ከባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፖልሳቶ ቢሠራ ከ80 ኪሎ በላይ በሆነ ነበር። ጨርቁ፥ ኮላውና ቀለሙ 22 ኪሎ፤ የወለሉ እንጨት 16፤ በሩ፥ መስኮቱና ቀርከሃው 20 ይሆናሉ ብዬ ገመትሁ። ከቱቦላሬ የሚበየደው ሻንሲ ግን 60፥ አክስሉ ከባሌስትራውና ከሁለቱ ጎማዎች ጋር 70 ኪሎ ነው። ድምሩ 200 ኪሎ መጣ። ከዚህ ውስጥ 130ው ብረትና ጎማ ነው፤ ሰው የሚያድርበት ቤት 70 ኪሎ ብቻ ነው! ከብረቱ ላይ ለመቀነስ ብከጅልም፥ የማምነው መካኒክ እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፥ ፎሙ ቢሰበር ይለጠፋል፤ ብየዳው በመንገድ ላይ ቢለቅ ግን የሚለጥፈው የለም» አለኝ። ስለዚህ ከመኝታው ጋር ከ300 ኪሎ እንዳያልፍ ገደብ አበጅቼ ብረቱን ሳልነካ ተውሁት።

ከዚያም ቤተ ሰቡ ለምክር ተቀመጠ። ምክሩ የተጀመረው በደስታ ነው። ባለቤቴ በኋላዋ በኩል የምትከፈት አነስተኛ የማድ ቤት ክፍል ጠየቀች፤ ድስት፥ ጀበና፥ የውሃ ጀሪካን ያለበት። ወንዱ ልጄ ባትሪና ቴሌቪዥን አለ። ታናሺቱ የመጻሕፍት መደርደሪያ ፈለገች። እኔም ራሴ የመሣሪያ ሣጥኔን አስገባሁ። አንዱም «አይሆንም» የተባለ አልነበረም፤ ሁላችንም እኮ የምንጠይቀው ጥቂት ጥቂት ነበር። ማታ ስደምረው 340 ኪሎ ሆነ። ገና ያልተሠራች ጠብታ በወረቀት ላይ ሳለች ከአቅማችን በላይ ሆነች።

በማግሥቱ እናቴን ለብቻቸው ጠየቅሁ። «እምዬ፥ ለእርስዎስ ምን ይግባልዎ?» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና ሦስት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፥ ተኝተው ሳሉ ምሥራቁን የሚያዩበት መስኮት፤ ሁለተኛ፥ ሲነሡ የሚይዙት እጀታ፤ ሦስተኛ፥ ለጸሎት የምትበራ አንዲት ጧፍ። ሁሉም ተደምሮ 3 ኪሎ አይሞላም። ሆኖም ከሁሉ ያስጨነቀኝ ሦስተኛው ነው። ፎም እሳት ከነካው ፈጥኖ ይያያዛል፤ ጢሱም ጥቁርና መርዛም ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጧፍም ሆነ ክብሪት ሊኖር አይገባም። የከሰል ማንደጃማ ጨርሶ አይታሰብም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት በሽታ የሌለበትን ሰው እንኳ ሳያነቃው ይገድላል። ለብዙ ዓመታት ሌሊት ተነሥተው ጧፍ እያበሩ የሚጸልዩትን እናቴን ይህን መከልከል ከበደኝ። ዞር ዞር አድርጌ ብነግራቸው ግን ቶሎ ገባቸው። «በደጅ አበራዋለሁ፤ በሩን ከፍተህ ወደ ሐይቁ ታስቀምጠኛለህ፤ ነፋስ ቢያጠፋውም እግዚአብሔር ያውቅልኛል» አሉ። በዚሁ ቃል ባለቤቴ ማድ ቤቱን፥ ልጄ ቴሌቪዥኑን፥ እኔም ሣጥኔን ተውን። ከመጻሕፍቱ መዝሙረ ዳዊቱ ብቻ ቀረ።

የሙከራውንም ነገር ልንገራችሁ። አንድ ክንድ በምታህል የፎም ቍራጭ ላይ አቡጀዲ ለመለጠፍ ስነሣ፥ ኮላው በእጄ ስላልነበረ ለጫማ የሚሆነውን ማስቲሽ ቀባሁበት። ወዲያው ፎሙ በዓይኔ ፊት እንደ በረዶ ቀለጠ። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛም እንዲሁ ያደርጉታል። ማጣበቂያውም ቀለሙም በውሃ የሚበረዝ ዓይነት መሆን አለበት። በሁለተኛው ሙከራ በእንጨት ኮላ ለጥፌ፥ ሲደርቅ በሁለት ጡብ መካከል አጋድሜ ቆምሁበት፤ ተሸከመኝ። ሦስተኛውን ሳልቀባ ለዝናም ተውሁት። ኮላው ሟሙቶ ጨርቁ ተላቀቀ፤ ለካ ቀለሙ ጌጥ ሳይሆን ጣሪያ ነው። አራተኛውን በዕቃ ቤት ረሳሁትና አይጥ ጎጆዋን ሠራችበት። ከአራቱ ቍራጭ ያገኘሁት ትምህርት ብዙ መጽሐፍ ባነብ አላገኘውም ነበር።

የሚዛኑን ነገር ያስተማረኝ ደግሞ የጋሪ ነጂ ጎረቤቴ ነው። ጋሪ ሸክሙ ወደ ኋላ ካመዘነ ቀንበሩ ወደ ላይ ተነሥቶ ፈረሱን ያንጠለጥለዋል፤ ወደ ፊት ካበዛ ጀርባውን ይሰብረዋል። በመኪና የሚጎተተውም ከዚህ አይለይም። ከሙሉ ክብደቱ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በጋንቾው ላይ ሊያርፍ ይገባል። ወደ ኋላ የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞ ይገለብጣል። ስለዚህ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ከአክስሉ ፊት አደረግሁ። በጉዞ ጊዜ በጠብታ ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ እናቴ በመኪናው ውስጥ ከእኔ አጠገብ ናቸው። ሰሌዳና የኋላ መብራት ስለሚያስፈልጋትም፥ ንድፉን ይዤ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ሳልጠይቅ ብረት አላስቆርጥም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

እንግዲህ ሁሉን የለካሁ መሰለኝ። ፎሙን፥ ብረቱን፥ መኪናውን፥ ጋንቾውን፥ የአየር መግቢያ የሚሆኑትን ሁለት ቀዳዳዎች ሳይቀር፤ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ ሆኖ የእጅ መዳፍ ያህል ስፋት ያላቸው፥ ፈጽሞ የማይዘጉ። «ዐሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቍረጥ» ይባላል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ስል የኖርሁት ይህንኑ ነው። ከመቍረጤ በፊት የመጨረሻውን ልኬት በዓይን ለማየት፥ ከማቀዝቀዣና ከቴሌቪዥን ካርቶን ሙሉ ጠብታ በግቢያችን አቆምሁ። ወለሏን በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ከፍ አድርጌ፥ ፍራሽ አንጥፌበት፥ በሩን ቈርጬ፥ እናቴን «ይግቡ» አልኋቸው።

አልገቡም። መግባት አልቻሉም። ወለሉ ከመሬት 60 ሳንቲም ነበረ፤ ፍራሹ 15 ሲጨመርበት 75 ሆነ። እናቴ አጭር ናቸው፤ ጉልበታቸውም ወደ ላይ አይነሣም። ጀርባቸውን ሰጥተው ሊቀመጡ ሞከሩ፤ አልደረሱም። በጎን ሞከሩ፤ በሩ ጠባብ ስለ ነበረ ራሳቸውን ሊመታቸው ሆነ። ልጆቹ ሊያነሡዋቸው ሲቀርቡ እጃቸውን አራግፈው ከለከሏቸውና ከካርቶኑ ፊት ቆመው ሣቁ። «ልጄ፥ ሁሉን ለክተሃል፤ እኔን ግን ረሳኸኝ» አሉኝ።

ሁላችንም ሣቅን፤ እኔ ግን ማታ ለብቻዬ ስሆን አለቀስሁ። ብዙ ወር ስለ እናቴ እያሰብሁ እንደምሠራ አምኜ፥ የእርሳቸውን ጉልበት ቁመት አንድ ጊዜ እንኳ አልለካሁም ነበር። ድንኳኑንም የተከልሁት በዚሁ ዓይነት ፍቅር ነው፤ ምን እንደምሰጣቸው አወቅሁ እንጂ ምን እንደሚችሉ አልጠየቅሁም። ጥፋቴ የዚያች የጥር ሌሊት ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ፤ ለካ ያው ጥፋት በወረቀቱም ላይ ከእኔ ጋር ነበረ።

በማግሥቱ ሜትር ይዤ ወደ እናቴ ክፍል ገባሁ። የአልጋቸው ከፍታ ከነፍራሹ 45 ሳንቲም ነው፤ የሚወዱት በረንዳ ላይ ያለው መደብም ልክ እንዲሁ ነው። ተቀምጠው እጃቸው የሚደርስበትን፥ ተኝተው ዓይናቸው የሚያርፍበትን፥ ሲነሡ ክርናቸው የሚደገፍበትን ሁሉ ለካሁ። ከዚያ በኋላ ንድፉን እንደ ገና ሣልሁት። አክስሉ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ወለሉ ከጎማዎቹ መካከል ዝቅ ይላል፤ ፍራሹም ልክ በ45 ሳንቲም ይሆናል። በሩ ከአንዱ ጎን እኩሌታውን ይይዛል፤ እንደ መደብ ይቀመጡበትና እግራቸውን በዝግታ ያዞራሉ። የዚህ ዋጋው ግልጽ ነው። ዝቅ ያለች ሠረገላ በድንጋያማ መንገድ አትሄድም። ዘንገና ግን ለአስፋልት ቅርብ ነው፤ ከዚያ የሚርቅ ቦታ እናቴ አልጠየቁኝም። ለሌላ ስፍራ ሁሉ የማትሆን ለአንዲት እናትና ለአንድ ሐይቅ ብቻ የተሠራች ብትሆን ምን ይጎዳል?

ካርቶኑን በአዲሱ ልክ አስተካክዬ ዳግመኛ ባቆምሁት ቀን እናቴ ያለ ማንም እርዳታ ተቀመጡ፤ እግራቸውን አዞሩ፤ ተኙ። በካርቶኑ ላይ በቈረጥሁላቸው መስኮት በኩል የሚታየው የጎረቤት አጥርና አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ታናሺቱ ልጄ፥ «ምን አሉ፥ እማማ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ቃሉን ደገሙላት፤ እርስዋም አብራ ደገመችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በካርቶኑ ቤት እየተቀመጡ፥ ውሃን፥ ፈረስን፥ ዛፍን፥ ብርድን በአገውኛ ይጠራሉ። እኔም ሥራ የያዝሁ መስዬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ የረሳሁትን እኩሌታ እየለቀምሁ ነው።

ጠብታ ገና አልተሠራችም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው የሰላም መታጣት መንገዱ ብዙ ጊዜ ተስተጓጉሏል፤ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸውን እናት ይዞ መውጣት ድፍረት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ፎሙን በጥቂት በጥቂቱ እገዛለሁ፤ ቀርከሃው በጥላ ሥር ይደርቃል፤ የመስኮቱን እንጨት ግን ጨርሻለሁ። እናቴ ጊዜው ይደርስላቸው እንደ ሆነ አላውቅም። እርሳቸውም ይህንን ያውቃሉ፤ አንድ ቀን፥ «ባልደርስ እንኳ ልጅቱ ትተኛበት፤ ከመስኮቱ ሆና የምታየውን ስሙን ታውቀዋለች» ብለውኛል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ሽማግሌ አባት ወይም አሮጊት እናት ቢኖሩህ፥ አልጋም ብትገዛላቸው፥ ደረጃም ብታሠራላቸው፥ መንገድም ብታስባቸው፥ ሜትሩን ይዘህ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ሂድ። ስትለካቸው ትንሽ ያፍሩ ይሆናል፤ ኋላ ግን ደስ ይላቸዋል። እግዚአብሔር ለሀገራችን ሰላሙን፥ ለእናቶቻችን ዕድሜውን ቢሰጥልን፥ በአንድ ጥር 23 ንጋት በዘንገና ዳር ዝቅ ያለች ነጭ ሠረገላ ብታዩ፥ በደጅዋም አንዲት ጧፍ ስትበራ ብትመለከቱ፥ እኛ ነንና ቡና እንድትጠጡ ቅረቡ።